ለእኅቴ ፎቶ የገዛሁት ካሜራ

ባለቤቴ ሲያርፍ ለቅሶው ላይ ይዘነው የወጣነው ፎቶ ከቀበሌ መታወቂያው ላይ የተወሰደ ነበር። ፎቶ ቤቱ ያችን የጥፍር ያህል ምስል የመስኮት ያህል አሳደጋት፤ ግንባሩ ላይ የማኅተሙ ግማሽ ቀርቷል። አርባ ዓመት አብሬው የኖርኩት ሰው ፖሊስ የሚፈልገው ወንበዴ መስሎ ተለቀሰለት። ያየው ሁሉ «ቁርጥ እሱን!» አለ። ለቅሶ ላይ እውነት የሚናገር የለም።

ከዚያ ወዲያ የቀረችኝ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የምትኖረው ታላቅ እኅቴ ናት። ሰማንያን አልፋለች፤ ያላት ፎቶ የመታወቂያው ብቻ ነው። እሷን እንደዚያ አድርጌ እንደማልሸኛት ወሰንኩ። ፎቶ አንሺ እንዳልወስድላት፣ እንግዳ ካየች ፊቷን በነጠላ ትሸፍናለች። የእኔ ስልክ ደግሞ ከመደወል ሌላ ሙያ የለውም። ስለዚህ በስተርጅና ካሜራ ልገዛ ደብረ ታቦር ገበያ ወጣሁ።

ባለሱቁን አውቀዋለሁ፤ የሬዲዮዬን ባትሪ የምገዛው ከእሱ ነው። አንድ ያገለገለ ካሜራ አወጣና ክንድ የሚያህል ሌንስ ገጠመበት።

«እማማ፣ ይችን ይውሰዱ። እዚህ ሆነው ጉና ተራራ ላይ ያለ ጅብ ፊትዎ ታመጣልዎታለች።»

«ጅብ ምን ያደርግልኛል? እኅቴን ነው የማነሳው።»

«ጅብ ያነሳች እኅትዎን ማንሳት መች ያቅታታል!»

አጠገቡ የነበረውን አጭር ሌንስ «እሱስ ለጀማሪ ነው» ብሎ ወደ መደርደሪያው መለሰው። ጀማሪ መባሉን አልወደድኩትም መሰለኝ፣ ረጅሙን ገዛሁ።

ቤት ገብቼ መጀመሪያ ያደረግኩት የዳንቴል ልብስ መሥራት ነው። ቴሌቪዥኑ አለው፣ ሬዲዮው አለው፤ ካሜራው ራቁቱን እንዲቀመጥ አልፈቀድኩም። የክሩ ብናኝ ሌንሱ ላይ እየተጣበቀ ፎቶዎቼ ሁሉ በጭጋግ የተነሱ መሰሉ። እኔም የጉናን ጭጋግ ስወቅስ ሰነበትኩ።

በባጃጅ ጋፋት ሄጄ እኅቴን ደጃፏ ላይ አቆምኳት። በሌንሱ የታየኝ አንድ የአፍንጫ ቀዳዳ ነው። ወደ ኋላ ሄድኩ፤ አሁንም አፍንጫ። አጥሩን አልፌ የጎረቤቷ ገብስ ውስጥ ገባሁ።

«አንቺ፣ ወዴት እየሄድሽ ነው?»

«ላነሳሽ!»

«ልታነሺኝ ከሆነ ምን ያሸሽሻል?»

ጎረቤቷ ብቅ ብሎ፣ «እመይቴ፣ ገብሱ እኮ ገና አልታጨደም» አለኝ በትሕትና።

በማግሥቱ የጅቡን ሌንስ መልሼ የጀማሪውን ወሰድኩ። ባለሱቁ፣ «እኔስ መጀመሪያም ይችን ነበር ያሰብኩልዎ» አለ። አመሰገንኩት።

ከዚያ ጥቅል ጎመን ደጃፌ ላይ እያስቀመጥኩ ሳነሳ ከረምኩ። ጎመን አይሸሽም፣ ነጠላም አይከናነብም። የቀትር ፀሐይ ፊትን እንደምታበላሽ፣ ጠዋት በር ላይ ያለ ብርሃን ግን ሽብሽቡን ሁሉ በቀስታ እንደሚያሳይ የተማርኩት ከጎመን ነው። ጎረቤቶቼ ለጎመኑ መታወቂያ የማወጣለት ሳይመስላቸው አልቀረም።

ሲበቃኝ አንድ ጠዋት ጋፋት ተመለስኩ። እኅቴን በሯ ላይ ዱካ በርጩማዋ ላይ አስቀመጥኳት። ካሜራውን ገና ሳነሳ ብድግ አለች፤ እጆቿን ግራና ቀኝ ለጠፈች፣ ነጠላዋን ከጆሮዋ ገለጠች፣ ትንፋሿን ያዘች። መታወቂያ ያነሳት ሰው እንደዚያ ብሏታል፤ ሌላ አነሳስ አታውቅም።

«እንደሱ አይደለም። ቁጭ በይና ሰፌድሽን ይዘሽ ገብስሽን ልቀሚ።»

«ገብስ እየለቀምኩ ልለቀስ?»

ለካ የመጣሁበት ገብቷታል። የእኔን መደንገጥ ስታይ ሳቋ አመለጣት፤ እጇ አፏ ላይ ሳይደርስ የካሜራውን ቁልፍ ተጫንኩ። ከዚያ እንዳትቀየመኝ ቆማም አነሳኋት።

ሁለቱንም አሳጥቤ ወሰድኩላት። የምትስቅበት ጥሩ ነበር፤ ስለ ራሴ ሥራ እንዲህ የምል ሰው አይደለሁም። ብርሃኑ በግራ ጉንጯ ገብቶ ዓይኗ ድረስ ደርሷል። እኅቴ ጠጋ፣ ራቅ አድርጋ አየችው።

«ይች ጥርስ የሌላት ማናት?»

«አንቺ ነሽ።»

«ኧረ ወዲያ!» የቆመችበትን አነሳች። «ይች ሰው ትመስላለች። ሁለቱም ጆሮዬ አለ።»

«ከመታወቂያሽ በምን ተለየ?»

«ትልቅ ነው።»

ካሜራው፣ ሁለት ሌንስ፣ ያ ሁሉ ጎመን፤ ሁሉም ለዚህ።

«ስሞት ይችን ነው የምታስይዢው። ያችን ድዳም ይዘሽ ብትወጪ አልቀበርልሽም። በማርያም በይኝ።»

«በማርያም» አልኳት።

ፎቶዋን ራሷ ግድግዳው ላይ ሰቀለች። የምትስቅበትን እኔ ወሰድኩት፤ ልብሴ መካከል ነው ያለው። ለማንም አላሳየሁትም።