እሳት ለእራት የጠራው

ልጅ ሳለሁ፣ ካዛንቺስ በነበረው የቀበሌ ቤታችን መብራት በጠፋ ቁጥር የግቢው ሰው ደጅ ይወጣ ነበር። ሽማግሌው ጎረቤታችን አባባ ወርቁ ጥላሸቷ አፍንጫ የሚያጠቁር ኩራዛቸውን ደጃፋቸው ላይ ሲያስቀምጡ፣ ከቦዩ ዳር ከበሰበሰው የኮባ ቅጠል ጥቃቅን ቡናማ የእሳት እራቶች እየተነሡ ይከቧታል። ትል ሆነው ያን ብስባሽ እየበሉ ነው የሚያድጉት፤ ቀን ቀን ቅጠሉን በእንጨት እየገለጥኩ አያቸው ነበር። ያኔ ስማቸው፣ እሳት ቤት ለእራት የተጠሩ እንግዶች ማለት ይመስለኝ ነበር።

አንድ ምሽት እናቴ አባባ ወርቁ አጠገብ መጥታ ተቀመጠች። የሰው ልብስ እያጠበች ነበር የምታሳድገኝ፤ ድካሟ ከድምጿ ይሰማል። የዚያን ቀን ከኡራኤል በኩል የመጣች አንዲት ሴትዮ፣ «ልጅሽን ስጪኝ፤ ሕፃን ትይዝልኛለች፣ እኔ አስተምራታለሁ» ብላት፣ መልሱን ለነገ ቀጥራ ሄዳለች።

«አባባ፣ እርስዎ ምን ይላሉ? ልስጣት?»

እሳቸው ግን ወደኔ ዞሩና ተረት ጀመሩ።

«የእሳት እራት ወንድሞቹን ‹ዛሬ ለእራት ተጠርቻለሁ› አላቸው። ‹አንተ? ከነጭቃህ?› ብለው ሳቁበት። ‹ደግሞ ማን ጠራህ?› ‹እሳት።› ‹ምን ብሎ?› ‹ቤቴ ብርሃን ነው፣ ብቻዬን መብላት አልወድም ብሎ።› ክንፉን አራግፎ ሄደ። እሳትም ከሩቅ ሲያየው፣ ‹እራቴ መጣ› አለ።»

እኔ ሳቅሁ። እናቴ አልሳቀችም፤ በነጠላዋ ሥር እጄን ፈልጋ ጥብቅ አድርጋ ያዘችው።

በማግስቱ ሴትዮዋን፣ «ልጄ ከኔው ጋር ትሁን» አለቻት። ሴትዮዋም በኔ ፈንታ ከታች ቤት ያለችውን ጓደኛዬን ወሰደች።

ስምንተኛ ክፍል ስደርስ እናቴ ታመመች፤ ትምህርቴን ትቼ እጥበቱን እኔ ያዝኩት። ጓደኛዬ ግን ተማረች። ከዓመታት በኋላ እኔም ወልጄ፣ ልጄን ላስከትብ ጤና ጣቢያ ሄጄ፣ መርፌውን ይዛ የመጣችው እሷ ሆና አገኘኋት።

«አንቺ፣ የት ጠፋሽ?»

«የት እጠፋለሁ፣ በቃ እዚሁ ነኝ» አልኳት።

አባባ ወርቁን አልወቅሳቸውም፤ እሳትን ያውቁ ነበር፣ ሴትዮዋን ግን አያውቋትም። እናቴም ያኔ ምክር የጠየቀች አይመስለኝም፤ ማለቴ፣ እንቢ የምትልበት አቅም ነበር የምትፈልገው። አሁን ይገባኛል። ማታ እጄ በሳሙና ተልጦ ልጄ አጠገብ ጋደም ስል፣ ያቺ ሴትዮ ዛሬ የኔን በር ብታንኳኳ ምን እንደምላት አስባለሁ፤ አንድም ቀን መልሱ ጋ ሳልደርስ እንቅልፍ ይወስደኛል።