ሁለት ሴንቲ ሜትር

ልብስ ሰፊዋ ስድሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ቁመቷ መቀነሱን ከሐኪም በፊት ያወቀችው ቀሚሷ መሬት መጥረግ ሲጀምር ነበር፤ ሦስቴ አሳጥራዋለች። ልጇ፣ አጥንቷ እስኪጠና የልጅ ልጇን እንዳታቅፍ ከልክላታለች። ለሆድ ይበጃሉ፣ አጥንትም ያጠነክራሉ የተባሉ ባክቴሪያዎች ያሉበትን እንክብል ስድስት ወር በየጠዋቱ ውጣለች። ዛሬ ክሊኒኩ ውስጥ ከቁመት መለኪያው ሥር ቆመች።

«እማማ፣ ተረከዝዎን ያውርዱ እንጂ!» ነርሷ ሳቀች።

«ሞክሬ ነው፣ ልጄ።» አወረደች።

«ካለፈው ልኬት ሁለት ሴንቲ ቀንሰዋል። እንክብሉ አልረዳዎትም?»

«ሆዴ ተስማምቶታል። አጥንቴ ግን ወሬውም አልደረሰው።»

ኮሪደሩ ላይ ስልኳ ጮኸ።

«እማዬ፣ ምን አሉሽ?»

«ገና አልገባሁም» አለችና ከተራ ጠባቂዎቹ መጨረሻ ሄዳ ተቀመጠች።