የጠላቂዎቹ ምሳ

ስንቅነሽን አል-ሳሃፋ ሰፈር የማያውቃት ሐበሻ የለም። ካርቱም የገባችው ልጇን ስለሺን አዝላ ነው። ዛሬ ስለሺ ፖርት ሱዳን ወደብ ላይ የቀን ሥራ ይሠራል፤ ከተያዩ ዓመታት አልፈዋል። ለእኛ ለውጭ አገር ሰዎች ተስሪህ የሚባል የመንገድ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለወጥ ሠሪ ተስሪህ የሚያወጣ ዘመድ ደግሞ የት ይገኛል?

የምንሠራው እዚያው ካርቱም አርካዊት ሰፈር፣ ኒዕማ የምትባል ሴትዮ እንግዳ ማረፊያ ውስጥ ነው። ስንቅነሽ ታበስላለች፣ እኔ አጥባለሁ። እንግዶቹ ቀይ ባሕር ደሴቶች አጠገብ ሊጠልቁ የሚሄዱ ፈረንጆች ናቸው። ኮሪደሩን በአየር ሲሊንደርና የዳክዬ እግር በሚመስል የጎማ ጫማ ይሞሉታል። ወሬያቸው ሁሉ ሻርክ ነው። አልወዳቸውም፤ ምን ላድርግ! የእኛ ልጆች ባሕር እንዳይበላቸው እየተሳሉ ይሻገራሉ፤ እነዚህ ደግሞ ለመዝናናት ብለው ሥሩ ይገባሉ። ሲመለሱ ግም የጎማ ልብሳቸው የሚጠብቀው እኔን ነው።

ዘንድሮ ኒዕማ ስንቅነሽን፣ «ጠላቂዎቹ በሚሄዱበት መርከብ ላይ አንቺ ታበስያለሽ፤ ተስሪሁን እኔ አወጣለሁ፣ ኢንሻላህ» አለቻት። መርከቡ የሚነሣው ከፖርት ሱዳን ነው። ስንቅነሽ ያኔውኑ ለስለሺ ደወለች፤ ደስታዋን አይቼ እኔም አለቀስኩ።

በሚሄዱበት ቀን ምሳው ዓሣ ነበር። ጊዜው ሁዳዴ ነው፤ ስንቅነሽ በጾም ያበሰለችውን አትቀምስም። ሌላ ጊዜ ዘበኛው ኦመር ይቀምስላት ነበር። ዘንድሮ ግን ረመዳን ከሁዳዴ ጋር ገጠመ፤ ኦመርም ኒዕማም ጾመኛ ናቸው፤ እኔም እንደ ስንቅነሽ ሁዳዴ ይዣለሁ። ቀማሽ ጠፋ። ስንቅነሽ ጨውን በእጇ መጥና ጨመረች። ዞር ስትል ኒዕማ፣ «ይቺ አልቀመሰችም፣ ጨው ሳይጎድለው አይቀርም» ብላ ለማንም ሳትናገር አንድ እፍኝ ደገመችበት።

የጠላቂዎቹ አለቃ አንድ ጊዜ ጎርሶ ተፋው። «ባሕሩን እዚሁ አመጣችሁልን?» አለ። ሳቁ።

ኒዕማ ወጥ ቤት እየጮኸች ገባች። «ያ ስንቅነሽ! በእንግዳ ፊት አዋረድሽኝ!»

«ወላሂ ማዳም፣ አንቺም ጨምረሻል» አለ ኦመር። «በመስኮት አይቼሻለሁ።»

«ኸላስ! አንተ በርህን ጠብቅ!»

ዓሣውን በማንኪያ ሞልታ ስንቅነሽ አፍ ላይ ደቀነችው። «ቅመሺ! ቀምሶ የማያበስል ሰው መርከብ ላይ አላወጣም።»

ስንቅነሽ ማተቧን ጨብጣ ቆመች። «ልጄን ላየው ነው፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ» ብላ አፏን ከፈተችና ዋጠችው።

ኒዕማ ማንኪያውን ወረወረችው። «እኔ በዚህ ሙቀት ውኃ ጠምቶኝ እውላለሁ፤ አንቺ ለአንድ ጉዞ ብለሽ ጾምሽን ገደፍሽ? አምላኳን የከዳች ለእኔ ትታመናለች? ሌላ ሰው እልካለሁ።»

«ምድር ተከፍታ ትዋጥሽ!» አልኳት በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ። አልገባትም፤ ቢገባትም ግድ አልነበረኝም።

ጠላቂዎቹ ዳቦ በሙዝ በልተው ሄዱ። ስንቅነሽ ድስቱን ስትፈትግ ስልኳ ጮኸ። ስለሺ ነበር።

«እማዬ፣ ተነሣችሁ?»

«አልመጣም፣ ልጄ» አለችው። «ጾሜን የሚያስፈታኝ ሥራ ስለሆነ ተውኩት።»