ብርዱ የወጣለት ጀላቲ

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ወጥቼ አውቶቡስ በምጠብቅበት ጥግ፣ ሙቀቱ ሲበረታ አንዲት የኤል ሳልቫዶር ሴት ባለ ጎማ ማቀዝቀዣ እየገፋች ትመጣለች። ባለፈው ሳምንት ከእሷ የገዛሁት፣ በእንጨት ላይ የረጋ ቡናማ በረዶ ገና አፌ ሳይደርስ ጎምዘዝ ያለ ሽታው ማንነቱን ነገረኝ፤ ሁመር ነው። ሁመር፣ ለማያውቀው ላስረዳና፣ ሌላው አገር ሮቃ የሚለው፣ ቅርፊቱ በጣት የሚሰበር፣ ውስጡ የሚያጣብቅና የሚጎመዝዝ ፍሬ ነው። ለድሬዳዋ ልጅ ግን ማብራሪያ አያስፈልገውም።

እኔ እስከ ዘጠኝ ዓመቴ የድሬዳዋ ልጅ ነበርኩ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ውሻ እንኳ ግድግዳ ታክኮ በጥላ የሚሄድባት፣ የብረት በር በጨርቅ ተይዞ የሚከፈትባት ከተማ ስለሆነች፣ ጣፋጭ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው የሚያቀዘቅዝ ነገር ነው፦ በረዶ ላይ የተኛ ሐብሐብ፣ በስኳርና በሄል ተፈልቶ በብርጭቆ የረጋ ወተት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የጎረቤታችን የእትዬ ሙና የሁመር ጀላቲ። «እትዬ» እያልን «አንቺ» እንላታለን፤ ድሬዳዋ ውስጥ አንቱታ ብዙም ቦታ የለውም። አሠራሩ ሥርዓት አለው፤ ፍሬው ያድራል ተዘፍዝፎ፣ ጠዋት በእጅ ይታሻል፣ ይጠለላል፣ ስኳርና ለአመል ያህል ጨው ይገባበታል፣ ከዚያ በትንንሽ ላስቲክ ተቋጥሮ ፍሪዘር ይገባል። የሰፈሩ ልጆች የላስቲኩን ጥግ በጥርሳቸው በስተው፣ ጥላው ወዳለበት እየሮጡ ይመጥጡታል።

እኔ ግን በዚያ የመጨረሻ በጋ ቀዝቃዛ ነገር ተከልክዬ ነበር። አባቴ ዲቪ ደርሶት ከሄደ ዓመታት አልፈው፣ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ሆኖ እናቴንና እኔን ለመውሰድ ጉዳያችንን ጨርሷል፤ የቀረን አዲስ አበባ ሄደን የጤና ምርመራ ማለፍ ብቻ ነው። እማዬ ደግሞ ምርመራ ላይ የሚያስል ሰው ራጅ እየተደጋገመበት ለወራት እንደሚቆይ ከሆነ ሰው ሰምታለች። ከዚያ በኋላ የእሷ ስሌት ቀላል ነበር፦ ቀዝቃዛ ቶንሲል ያመጣል፣ ቶንሲል ሳል ያመጣል፣ ሳል ደግሞ አባቴን ያስቀራል። አባቴን በፎቶና በስልክ ድምፅ ብቻ ስለማውቀው፣ እኔም ፈርቼ ታዘዝኩ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልጅቷን በዚህ ሐሩር ልትጠብሻት ነው እንዴ?» አለቻት እትዬ ሙና አንድ ቀን፣ ጀላቲውን በአጥሩ ላይ እያቀበለችኝ።

«ሙናዬ፣ አባቷን ካየች በኋላ በረዶ ላይ ትተኛ። አሁን ግን ብርዱ ይውጣለት።»

ብርዱ ይውጣለት ማለት እንዲህ ነው፦ ላስቲኩ ተፈቶ ጀላቲው ኩባያ ውስጥ ይገለበጣል፣ ኩባያው ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ ይቀመጣል፣ እስኪቀልጥ ይጠበቃል፣ ከቀለጠ በኋላም ለብ እስኪል ይጠበቃል። ከዚያ በማንኪያ ይቀርብልኛል። ወተቱም እንደዚያው። ሐብሐቡ እንኳ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ልጆቹ በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቀው «ሜሪ፣ ሾርባው በሰለ ወይ?» ይሉኛል፤ እትዬ ሙናም ከወዲያ ሆና «ዝም በሉ፣ አሜሪካ የሚኬደው በሾርባ ነው» ትላቸዋለች፤ የምታግዘኝ ይሁን የምትስቅብኝ ዛሬም አልለየሁትም።

ምርመራው ሐምሌ ላይ ሆነ። ሐኪሙ ማዳመጫውን ጀርባዬ ላይ አድርጎ «በደንብ ተንፍሺ» ሲለኝ፣ እኔ እየተነፈስኩ እማዬ ግን ትንፋሿን ይዛ ነበር። አለፍን። በረራው ሳይታሰብ ስለቀረበ ወደ ድሬዳዋ አልተመለስንም፤ እትዬ ሙናን የተሰናበትናት በስልክ ነው።

አባቴ አሌክሳንድሪያ ያለውን ፍሪዘር በአይስክሬም ሞልቶ ጠበቀን። መርጬ ያነሳሁትን ወስጄ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩና ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ምን እየጠበቅሽ ነው፣ የኔ ልጅ?» አለኝ።

«ብርዱ እስኪወጣለት።»

አባቴ እማዬን አያት፤ እሷም ሻንጣ መፍታቷን ቀጠለች።

እንግዲህ የዚያችን ከተማ ቀዝቃዛ ጣፋጮች ለማንም ሰው በቅደም ተከተል ማስረዳት እችላለሁ፤ ጥርስ ላይ ሲያርፉ ምን እንደሚሰማ ግን አላውቅም። ከባለ ማቀዝቀዣዋ ሴት የገዛሁትም ቀዝቃዛ፣ ጥሩ፣ ለእኔ አዲስ ነገር ነበር። እሑድ ወላጆቼ ቤት ስሄድ ይህንንና ያኔ ቀዝቃዛ የከለከለችኝን ለእማዬ ነገርኳት። ሶፋው ላይ ሆና፣ የአይስክሬሙን ዕቃ እንዳለ ጭኗ ላይ አስቀምጣ እየበላች ሰማችኝ።

«እኔ? በጭራሽ» አለች። «በዚያ ሙቀት ልጅ ቀዝቃዛ ይከለከላል እንዴ? ከሌላ ሰው ጋር አምታተሽው ነው።»

የምጠራው ምስክር የለኝም። አባቴ ያን ጊዜ አብሮን አልነበረም፤ እትዬ ሙናም ካረፈች ቆይታለች።