በረዶ መስመር አይሠራም

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው የጎረቤቴ ጣራ ላይ ወጥቶ በጠመኔ ክብ ክብ ሲያደርግ አየሁት። ሻዬን እንደያዝኩ መስኮቱ ጋ ቆሜ ቀረሁ። ክቡ በረዶ የመታው ቦታ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። በረዶ የመታው ጣራ እንዴት እንደሚለይ የተማርኩት በሃያ ስድስት ዓመቴ፣ በፈረንጆቹ 2014 ገደማ፣ እትዬ ጥሩነሽ ጣራ ላይ ነው።

እትዬ ጥሩነሽ ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት ከፌርፋክስ ጎዳና ብዙም ሳይርቅ ከሟች ባለቤታቸው ጋር የገዟት ትንሽ ቤት ነበረቻቸው። እኔ የጓሮዋን ክፍል ተከራይቼ ፌርፋክስ ላይ አንድ ምግብ ቤት አስተናግድ ነበር። ኖርዝ ሆሊውድ የሚኖረው ልጃቸው በየሳምንቱ ይደውላል። “ማሚ፣ ቤቱን ሴል አድርጊውና እኛ ጋ ነይ” ይላቸዋል። እሳቸው ደግሞ በቁሜ አልለቃትም ባይ ናቸው።

የዚያ አገር ጣራ ሺንግል የሚሉት ነው፤ ፊቱ ላይ ደቃቅ ጠጠር የተለበጠበት የአስፋልት ክዳን። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከአሸንዳው ጥቁር አሸዋ ይወርዳል። እትዬ ቆሻሻ ነው አሉ፤ እኔም አመንኳቸው። ሁለታችንም ቆርቆሮ ሥር ያደግን ሰዎች ነን፤ ቆርቆሮ ደግሞ ቢጠርጉት ምን ይሆናል? ስለዚህ እንቁጣጣሽ ሲደርስ፣ ቤቱ ውስጡ ታጥቦ ሲያልቅ፣ እኔ ጠንካራውን የግቢ መጥረጊያ ይዤ እወጣለሁ። የሎስ አንጀለስ መስከረም ገና የሚያቃጥል በጋ ነው። ስጨርስ እዚያው እጋደማለሁ። የሚራክል ማይል ሰፈር ፎቆች በጭጋጉ ውስጥ የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። ከምግብ ቤቶቹ የሚቁላላ ሽንኩርት ይሸታል፤ የፒኮ ጎዳና አውቶቡስ ድምፅ ከሩቅ ይመጣል፣ ይሄዳል። እንቅልፍ ይሁን ንቃት ሳልለየው ፀሐይዋ ታዘቀዝቃለች። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቦታ ተኝቻለሁ፤ እንደዚያ የተመቸኝ የለም።

አንድ መጋቢት ከሰዓት በረዶ ወረደ። በዚያ ከተማ እንዲህ ያለ በረዶ ብርቅ ነው፤ እትዬ በር ላይ ቆመው እንደ ልጅ ሳቁ። ሲያባራ ግን የመኝታ ቤታቸው ኮርኒስ ያንጠባጥብ ጀመር። ልጃቸው ሰምቶ ኢንሹራንሱ ጣራውን ካልሠራ ቤቱ ይሸጣል አለ። እሳቸው ከኮርኒሱ ሥር ባልዲ ደቅነው ወደ ኢንሹራንሱ እንድደውልላቸው ነገሩኝ።

ከኢንሹራንሱ የመጣው ሽበታም ሰውዬ ዝምተኛ ነበር። ላስተረጉም አብሬው ወጣሁ። አውራ ጣቴን ይዞ አንድ የተመታ ቦታ ላይ አስጫነኝ፤ እንደ በሰለ አቮካዶ ልስልስ አለ። በረዶ የመታው ክብ ነው፣ ጠጠሩ ረግፎ መሃሉ ይጠቁራል፣ ያለ ሥርዓት ይበተናል። የአየር ማስወጫው ቆርቆሮም ጎድጉዶ ነበር። ከዚያ ጠጠሩ በረጃጅም መስመር ወደተገፈፈበት ወሰደኝ።

“በረዶ መስመር አይሠራም” አለኝ በእንግሊዝኛው። “ይሄ መጥረጊያ ነው።”

ጠጠሩ ጣራውን ከፀሐይና ከዝናብ የሚጠብቀው ልብሱ ነው አለኝ። እሱ የሚቆጥረው ክቦቹን ብቻ ነው፤ እነሱም ይበቃሉ። አዲሱን ጣራ ግን ማንም እንዳይጠርገው ንገሪያቸው ብሎ አደራ አለኝ።

እትዬ ከመሰላሉ ሥር ይጠብቁን ነበር።

“ምን አለ?”

“በረዶ ነው፣ ኢንሹራንሱ ይሸፍናል አለ።”

“ስለ ጽዳቱስ?”

ፊታቸው አሳዘነኝ። “እንዲህ ያለ ንጹሕ ጣራ አይቼ አላውቅም አለ” አልኳቸው።

አዲሱ ጣራ ተሠራ። መስከረም ሲጠባ እትዬ መጥረጊያውን ሰጡኝ፣ እኔም ወጣሁ፣ ወጥቼም ተጋደምኩ። ታች እንዲሰማቸው ብቻ መጥረጊያውን በጫማዬ ሶል ላይ ፈተግ ፈተግ አደርገዋለሁ። እሳቸው ከታች ይመርቁኛል። ሦስት እንቁጣጣሽ እንዲህ አለፈ። ውሸቴን ወድጄው ነበር።

ከዚያ አግብቼ ከተማውን ለቀቅሁ። በቀጣዩ መስከረም የሚወጣላቸው ሲጠፋ፣ እትዬ በሰባ ሦስት ዓመታቸው መሰላሉን ራሳቸው አቁመው መጥረጊያ ይዘው ወጡ። ግማሽ ሳይደርሱ ወደቁ፤ ዳሌያቸው ተሰበረ። ቤቱ በዚያው ዓመት ተሸጠ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔው የጠራው ቤቱ ከተሸጠ በኋላ ነው። ኖርዝ ሆሊውድ ልጃቸው አፓርትመንት ሄጄ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ምርኩዛቸውን እያሻሹ፣ “ልጄ፣ ያኔ ብትነግሪኝ እኮ መጥረጊያውን ወዲያ እጥለው ነበር” አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ እሳቸው የሉም። ለሰው ስናገረው የዋሸሁት እንዳላሳፍራቸው ብዬ ነው እላለሁ፤ ሰውም አይዞሽ ይለኛል። ለራሴ ግን እንዲህ ማለት አልችልም። ጣራውን የገፈፈው የእኔ እጅ ስለነበር አፍሬ ነው። ደግሞም በዓመት አንዴ እዚያ ላይ መጋደሙ እንዳይቀርብኝ ብዬ ነው።