ጊታር የሌለበት የጊታር ውድድር በአትላንታ

ቅዳሜ ንጋት፣ ከሻርለት መውጫ

ሻርለት ገና አልነቃችም። መኪናዬን ሳስነሳ የጮኸብኝ የጎረቤቴ ውሻ ብቻ ነው። ጎኔ ባለው ወንበር ላይ አንድ ቴርሞስ ሻይና አንድ ፌስታል ብርቱካን አስቀምጬ ወደ አትላንታ ጉዞ ጀመርኩ።

የምሄደው የአጎቴን ልጅ ሳምራዊትን ለማየት ነው። ሳምሪ አትላንታ ያደገች፣ ሳንዲ ስፕሪንግስ ውስጥ በፊዚዮቴራፒስትነት የምትሠራ፣ ሥራዋ ላይ ቀልድ የማታውቅ ልጅ ናት። ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ።

"ናቲ፣ ኤር ጊታር ኮምፒት ላደርግ ነው። ዳዲን ይዘህልኝ ና።"

"ኤር ጊታር ደግሞ ምንድን ነው?"

"ጊታር ነው፣ ግን ጊታሩ የለም። ላይክ፣ ዘፈኑ ይከፈታል፣ አንተ ባዶ እጅህን ትጫወታለህ። ዳኛ አለው፣ ነጥብ አለው። ሲሪየስ ነው።"

"ለጋሼ ነግረሻቸዋል?"

"ጊታር ነው ያልኩት። 'ኤር' የሚለውን አልሰማም መሰለኝ።"

ረፋድ፣ ሳውዝ ካሮላይና

ጥድ፣ የጭነት መኪና፣ እንደገና ጥድ። ከመንገዱ ዳር የኮክ ፍሬ የሚመስል ግዙፍ የውሃ ታንከር ቆሟል፤ ሰው እየወረደ ፎቶ ይነሳበታል። ነዳጅ ልቀዳ ስቆም ካሸሯ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ፣ "ባሌ ሻወር ውስጥ ይጫወታል። ግን ውድድር እንዳለው አያውቅም፤ እባክህ አትንገርብኝ" ብላ መልሴን ሰጠችኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ሁሉ አንድ ነገር እያሰብኩ ነዳሁ። የሌለ ጊታር በደንብ መያዙንና አለመያዙን ሰው እንዴት ይዳኛል?

ስቶን ማውንቴን

አጎቴ ጋሽ ተፈራ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። በዲቪ መጥተው መጀመሪያ ታክሲ ነዱ፤ ከዚያ ጡረታ እስኪወጡ ዳውንታውን መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠሩ። የፓርኪንጉ ቡዝ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቲቪ ነበረቻቸው። አንድ ክረምት በዚያች ቲቪ የበረዶ ላይ ስኬቲንግ አዩና ተለከፉ። በሕይወታቸው በረዶ ላይ ቆመው አያውቁም፤ ነገር ግን የትኛዋ ስኬተር ስንት ዙር ዞራ በየትኛው እግሯ እንዳረፈች ይነግሯችኋል።

"እንዴት አደሩ ጋሼ? ዘነጡ እኮ!"

"ልጄ መድረክ ላይ ልትወጣ ምን ልልበስ ታዲያ?" አሉኝ መኪናው ውስጥ እየገቡ። "ጊታር የት ተማረች ግን? ይሄን ሁሉ ጊዜ ደብቃኝ!"

እኔ መንገዱን አየሁ። ባለቤታቸው እትዬ ዘነቡ ከበሩ ሆነው፣ "በቪዲዮ ቅዱልኝ!" ብለው ጮኹ።

ሳንዲ ስፕሪንግስ

ሳምሪ ከአፓርታማዋ የወጣችው ጨርቁ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ልብስ ለብሳ ነው። ጋሽ ተፈራ ከመኪናው ወርደው ወደ ኋላ ሄዱ።

"ትራንኩን ክፈት ናቲ፣ ጊታሩን እንጫን።"

"ዳዲ፣ ጊታር የለም።"

"ተሰረቀ?"

"አልተሰረቀም። ኤር ጊታር ነው። ጊታር ሳትይዝ ነው የምትጫወተው።"

ጋሽ ተፈራ ወደኔ ዞሩ። እንደማውቅ ከፊቴ አነበቡ መሰለኝ ከረባታቸውን ፈታ አደረጉ።

"እኔ ለሰው ሁሉ ልጄ ጊታር ትጫወታለች ብያለሁ። ባር ውስጥ ሰካራም ፊት ቆማ ባዶ እጇን ታወራጫለች ልበል? ወደ ቤቴ መልሰኝ ናቲ።"

ሳምሪ መጥታ ፊታቸው ቆመች። "ትንሽ ልጅ እያለሁ ስኬቲንግ እንዳይ ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ማን ነበር? የሚያብረቀርቅ ለብሰው፣ ዘፈን ተከፍቶላቸው ይዞራሉ። ምንድን ነው የሚያመርቱት? አንተ ግን ታለቅስ ነበር።"

"እነሱ በረዶ አላቸው።"

"እሺ፣ በረዶውን ተወው። ሌላው ያው ነው፣ ዳዲ። ነጥቡ ራሱ ከናንተ ስኬቲንግ የመጣ ነው።"

ጋሽ ተፈራ የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር እንደያዟት አየሁ። ከኋላ ገብተው ቀበቷቸውን አሰሩ።

ከሰዓት፣ ዳውንታውን

ዳውንታውን ስንገባ ጋሽ ተፈራ ከኋላ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። "እዚህ ፓርክ እንዳታደርግ፣ ዛሬ ጌም አለ፣ ዋጋ ጨምረው ይገፍፉሃል። በጀርባው ግባ።" በጀርባው ገባሁ።

ውድድሩ ያለበት ቤት ጠባብ ባር ነው። ወለሉ ጫማ ይይዛል፤ ኤሲው ያንቀጠቅጣል። ሳምሪ ልትመዘገብ ስትሄድ እኔና ጋሽ ተፈራ መድረኩ አጠገብ ተቀመጥን። ከጎናችን ቀይ ሱሪ የለበሰ፣ ጢሙ ደረቱ የደረሰ ግዙፍ ነጭ ሰውዬ ጣቶቹን ያፍታታል። ዴል ይባላል። የማቀዝቀዣ መኪና ሾፌር ነው፤ የመጣው ከሚኒሶታ ነው።

"አንተም ተወዳዳሪ ነህ?" አሉት ጋሽ ተፈራ በእንግሊዝኛ።

"አዎ ጌታዬ። ልጅ ሆኜ ከርሊንግ እጫወት ነበር።"

"በረዶው ላይ ድንጋይ የሚገፋው? በመጥረጊያ የሚጠርጉለት?"

ዴል ከወንበሩ ተነሳ። "በጆርጂያ ይህን የሚያውቅ ሰው አገኘሁ!" ከዚያ ወዲያ ሁለቱን ማለያየት አልተቻለም። ዴል ሕጉን አስረዳቸው። ነጥቡ እንደ ድሮው ስኬቲንግ ከአራት እስከ ስድስት ነው። በመጀመሪያው ዙር ሁሉም የራሱን ዘፈን ያቀርባል፤ በሁለተኛው ያልተዘጋጁበት አንድ ዘፈን ለሁሉም ይመጣል። ዳኞቹ ጣቶቹ ከሙዚቃው መግጠማቸውን ያያሉ፣ የመድረክ ሞገስን ያያሉ፣ ሦስተኛው ደግሞ ወደ አማርኛ ብመልሰው "አየርነት" የሚባል ነገር ነው፤ ትርኢቱ ከማስመሰል አልፎ ራሱን የቻለ ጥበብ ሲሆን ማለት ነው።

"የበረዶ ዝላዩ ስኪ ጃምፕም እንደዚያ ነው" አሉ ጋሽ ተፈራ። "ሩቅ መዝለል ብቻ አይበቃም፤ አየር ላይ ያለው አቋም ይታያል።"

"ሰው እኛንም 'ጽዳት ሠራተኞች' እያለ ይስቅብን ነበር" አለ ዴል። "ኦሎምፒክ ሲመጣ ግን ያው የሳቀው ሰው ቲቪው ላይ አፍጥጦ ያድራል።"

መጀመሪያው ዙር ላይ ሳምሪ ጥሩ ነበረች። ጋሽ ተፈራ ግን እጃቸውን አጣምረው ዓይናቸውን ጫማቸው ላይ ጣሉ። ሰው ሲያጨበጭብ ቀና አሉ፤ ነጥቡን ሲሰሙ ከንፈራቸውን አሞጠሞጡ።

በሁለተኛው ዙር ያልታወቀው ዘፈን ተከፈተ። ፈጣን፣ ብረት የሚቆረጥ የሚመስል ሮክ ነው። ሳምሪ ከዳር ወደ መሐል ሮጠች። ከሷ በፊት የነበረው ሰው ቢራ አፍስሷል። እግሯ ከሥሯ ሄደ። በጉልበቷ ስትወድቅ ድምፁ እኛ ድረስ ተሰማ፤ ባሩ በሙሉ "ኡ!" አለ።

እኔ ቃሬዛ ማሰብ ጀምሬ ነበር። ሳምሪ ግን አልተነሳችም። በጉልበቷ እንደሆነች ወደ ኋላ ተለጠጠች፤ ቀኝ እጇ ክሩን ይመታል፣ ግራ እጇ በጊታሩ አንገት ላይ ይሮጣል፣ አንድም ምት አልሳተችም።

ጋሽ ተፈራ ወንበራቸውን ገልብጠው ቆሙ።

"አልጣለችውም!" ብለው በአማርኛ ጮኹ። "ናቲ፣ አየህ? ወድቃ እንኳ ጊታሩን አልጣለችውም!"

አየሁ ብል ትስቁብኛላችሁ። ግን እኔም አይቻለሁ።

ውጤቱ ሲነገር ዴል አንደኛ ሆነ፤ ሳምሪ በአንዲት ነጥብ ሽርፍራፊ ሁለተኛ። ወደሚቀጥለው ውድድር የሚያልፈው አንደኛው ብቻ ነው። ሳምሪ ዴልን አቅፋ እንኳን ደስ አለህ አለችው፤ ፊቷን ስታዞር ግን ዓይኗ እንባ ሞልቶት ነበር። ጋሽ ተፈራ እሷን ሳያዩ ወደ ዳኞቹ ጠረጴዛ ሄዱ።

"ይቅርታ" አሏት ጥግ ላይ ያለችውን ዳኛ፣ "ወድቃ ስትጫወት ግራ እጇን አይተሻል?"

"ዳዲ፣ ፕሊስ!" ሳምሪ እያነከሰች ክንዳቸውን ያዘች።

"ልጠይቅ እንጂ! ለውድቀቱ ነጥብ ተቀነሰባት፣ ይሁን፤ ጊታሩን ስላዳነችውስ ሊጨመርላት አይገባም ነበር?"

ዳኛዋ ሳቅ ይዟት፣ "እርስዎ አሠልጣኟ ነዎት?" አለቻቸው።

"አባቷ ነኝ" አሉ ጋሽ ተፈራ፣ ከረባታቸውን እያጠበቁ።

አመሻሽ፣ ወደ ስቶን ማውንቴን

ሳምሪ ጉልበቷ ላይ የበረዶ ከረጢት ይዛ ከኋላ ተቀምጣለች፤ አባቷ ከጎኗ።

"መጀመሪያው ዙር ላይ ትከሻሽን አጥብቀሽ ነበር" አሏት። "ስትወድቂ ነው የለቀቅሽው።"

"አላየህም ብዬ ነበር እኮ።"

"በስርቆሽ አየሁ።"

ሳምሪ ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ከዚያ ደግሞ ራሷን ትከሻቸው ላይ ጣለች። ጋሽ ተፈራም እስክንደርስ ድረስ ትከሻቸውን ሳያንቀሳቅሱ ተቀመጡ።

እትዬ ዘነቡ በሩን ሲከፍቱ መጀመሪያ ያዩት ጉልበቷን ነው።

"ውይ በሞትኩት! ምን ሆነሽ ነው? ጊታር እጫወታለሁ አላልሽም?"

"ጊታር አይደለም" አሉ ጋሽ ተፈራ፣ ልጃቸው ሳትመልስ በኩራት ቀድመው። "ማለቴ ጊታር ነው፣ ግን ጊታሩ የለም። እንዴት ልበልሽ… ልክ እንደ ስኬቲንግ ነው። በረዶ የለውም እንጂ።"

እትዬ ዘነቡ ሦስታችንንም በየተራ አዩን።

"በረዶ ከሌለው ታዲያ" አሉ፣ "ምን አንሸራትቶ ጣላት?"