ሦስት ሳምንት ፍራሽ ስር የቆየው ደብዳቤ

ባለፈው ማክሰኞ ለደም ግፊቴ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። የልጅ ልጄን የምታህል ሐኪም ከወረቀት ላይ እያየች ትጠይቀኛለች፤ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ፣ ሌላም ሌላም። ከዚያ ቀና ሳትል «እማማ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል ምንም ነገር አላሰኝ ብሎዎት፣ ከአልጋ መነሳት አቅቶዎት ያውቃል?» አለችኝ። ሳቄ አመለጠኝ። «አዎ፣ በደርግ ጊዜ» አልኳት። የፖለቲካ ነገር መስሏት ይሁን አላውቅም፣ ቶሎ ብላ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች። እኔ ግን ታክሲ ውስጥ ከገባሁ በኋላም ሐሳቤ እዚያው ጥያቄ ላይ ነበር።

ጊዜው ነሐሴ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከቁስቋም ዝቅ ብሎ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ መንገዱን ጭቃ ያደርገውና ጫማ ያስቀራል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት እየጠበቅሁ፣ ከሰዓት በኋላ በቀበሌው አዳራሽ መሠረተ ትምህርት አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ እናቴን የሚያህሉ ሴቶች ናቸው። አንድ ቀን ጠዋት ግን ከአልጋዬ አልተነሳሁም። ሰው አልሞተብኝም፣ የከዳኝ ወዳጅም አልነበረም። ብቻ ጫማዬን ሳየው ማጥለቁ ራሱ ዳገት ሆነብኝና «ነገ» አልኩ። ነገም እንደዚያው ሆነ።

እናቴ የምታውቀውን ሁሉ ሞከረች። መጀመሪያ ተቆጣች፤ ቀጥላ ገንፎ አገነፋችልኝ፤ በመጨረሻ ከቁስቋም ማርያም በጀሪካን ጸበል አምጥታ እንደተኛሁ ፊቴ ላይ ቸለሰችው። ፍራሹ ራሰ እንጂ እኔ ንቅንቅ አላልኩም። የበቆሎ እሸት ጥብስ ነፍሴ ነው፤ ያኔ ግን ሽታው ከጓሮ መጥቶ አፍንጫዬን ነክቶ ይመለሳል። ጥጋብ ነው ያሉም ነበሩ፤ በስኳር ሰልፍ ዘመን ጥጋብ ከየት ይመጣል? አንድ የቀበሌ ሰው ደግሞ በራችን ላይ ቆሞ «አብዮቱ የሚተኛ ወጣት አይፈልግም» አለኝ። «እኔም አብዮቱን አልፈልገውም» አላልኩትም፤ ያን ያህልስ አልታመምኩም።

በዚህ መሐል እማማ ዘሃራ መጡ። እማማ ዘሃራ ከወሎ መጥተው እኛ ሰፈር በርበሬና ቅመም የሚሸጡ፣ ከተማሪዎቼ ሁሉ ትጉዋ ነበሩ። አንድ ልጃቸው ሰይድ ሰሜን ጦር ሜዳ ነው። የሚልከውን ደብዳቤ የማነብላቸው እኔ ነኝ፤ መሠረተ ትምህርት የገቡትም «የልጄን ወረቀት በገዛ ዓይኔ» ብለው ነው። አያቴ ለመሆን ምንም የማይቀራቸው ሴት፣ አስተማሪያቸው ስለሆንኩ አንቱ ይሉኛል።

«መምህርት፣ ደብዳቤ መጥቶልኛል። ሲሻልዎት ያነቡልኛል» ብለው ፖስታውን ትራሴ አጠገብ አኖሩት።

«አሁን ላንብብልዎት?» አልኩ፣ ፊቴን ከግድግዳው ሳላዞር።

«የለም፣ የለም! ይተኙ። አይቸኩልም።»

እኔም ተኛሁ። ፖስታውን ፍራሽ ስር ሸጎጥኩት። በየሁለት በየሦስት ቀኑ ብቅ እያሉ «ተነሱ እንዴ?» ብለው እናቴን ይጠይቃሉ። «አልተነሳችም» ስትላቸው «ተዪያቸው፣ ይረፉ» ብለው ይመለሳሉ። እናቴ «እንዴት ያሉ ደግ ሴት ናቸው!» ትላለች።

ሦስት ሳምንት ሆነ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቆየና ጣሪያው በአልጋዬ በኩል ማፍሰስ ጀመረ። እናቴ ፍራሹን ጎትታ ስታነሳው ፖስታው ረጥቦ ተገኘ። ቀለሙ ሳይለቅ ብዬ ቀደድኩት፤ ጽሑፉን ሳየው ደነገጥኩ። የሰይድ ጽሑፍ ደቃቅና የተጣበቀ ነበር። ይሄ ግን እኔ ሰሌዳ ላይ እንደምጽፈው ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል አውራ ጣት ያህላል፣ በቃልና በቃል መካከል ሰፊ ቦታ አለ። ፊደል መቁጠር መጀመራቸውን በመልሱ ጽፌለት ነበር፤ እናቱ ራሳቸው እንዲያነቡት ነበር የጻፈው።

«እማ። እኔ ሰይድ ነኝ። አለሁ። አንድ እግሬ ተቆረጠ። አዲስ አበባ ገብቻለሁ። ነይ።» ከታች የሆስፒታሉ ስም አለ። ከቤታችን በእግር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰው እዚያ ማዶ ተኝቶ በር በሩን ሲያይ፣ እኔ እዚህ ግድግዳ ሳይ! የእናቴን የጎማ ጫማ አጥልቄ፣ በዝናቡ ወጣሁ።

እማማ ዘሃራ ለአንዲት ሴት በርበሬ እየመዘኑ ነበር። ፖስታውን እጄ ላይ ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ለምን ተነሱ?» አሉኝ።

«እማማ፣ ደብዳቤው...»

ሁለት ጆሯቸውን በእጃቸው ደፈኑ። «በአላህ ይዤዎታለሁ፣ አያንብቡብኝ!»

ያኔ ገባኝ። ገና አቀላጥፈው ማንበብ ባይችሉም የልጃቸውን ጽሑፍ በመልኩ ያውቁታል። ፖስታው ላይ ያለው ትልልቅ ፊደል የሌላ ሰው እጅ መስሏቸው፣ መርዶ ነው ብለው ቆርጠው ነበር። በእኛ አገር መርዶ እስኪነገር ድረስ ሰው አልሞተም። አንባቢ በሞላበት ሰፈር፣ እሳቸው መርጠው ደብዳቤውን ያመጡት ከማትነሳዋ ዘንድ ነው።

«እርስዎ እስከተኙ ድረስ ልጄ አለ» አሉኝ።

እንደዚያ የደነገጥኩበት ቀን በዕድሜዬ የለም። መተኛቴ ከራሴ በቀር ማንንም አይነካም ብዬ ነበር የማስበው።

«አለ እማማ! በገዛ እጁ የጻፈው ነው። እርስዎ እንዲያነቡት ብሎ ነው ያተለቀው» ብላቸው አላመኑኝም። ወረቀቱን በርበሬው አጠገብ ዘረጋሁላቸው። በጣታቸው እየተከተሉ «ሰ... ይ... ድ» አሉ። ጣታቸው ትንሽ ሄደና «አ... ለ... ሁ» አሉ። ከዚያ ከቆሙበት መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

ሱቁን ለገበያተኛዋ ጥለንላት ወደ ሆስፒታሉ ወረድን። ሰይድ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል፤ ምግቡ አልተነካም። «እናቴ አካለ ጎደሎ ልጅ ምን ያደርግልኛል ብላ ቀረች ብሎ፣ እህል ካቆመ አምስት ቀኑ» አለን የጎኑ አልጋ ቁስለኛ። ያንን አተኛኘት አውቀዋለሁ። እማማ ዘሃራ እግሩ በነበረበት ቦታ ላይ ተደፍተው አለቀሱ፤ እሱም አብሯቸው አለቀሰ።

ቆይቶ ወደ እኔ ዞረ። «አስተማሪዋ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ። ደብዳቤውን ያቆየሁት እኔ ነኝ። ተኝቼ ነበር።»

«ምን ሆነሽ?»

ብርድ ልብሱ በአንድ ጎን ብቻ ነው ከፍ ያለው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ምንም» አልኩት። «ምንም ሳልሆን።»

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። «ያንቺ ይብሳል» አለ። «የኔንስ ሁሉም ያየዋል።»

እናቴም፣ ጎረቤቱም፣ ቀበሌውም ለመተኛቴ ስም ሲያወጡ ከርመው፣ እንደ ሕመም የቆጠረው አንድ እግሩን ያጣ ሰው ነው።

በማግስቱ ተነሳሁ። ፍላጎቴ ተመልሶ ግን እንዳይመስላችሁ። ሳያሰኘኝ ፊቴን ታጠብኩ፣ ሳያሰኘኝ አዳራሽ ሄድኩ፤ አንዳንድ ቀንም ከመንገድ ተመልሼ ተኛሁ። ማሰኘቱ የመጣው ጥቅምት ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወዲህም ሁለት ሦስት ጊዜ ጥሎኝ ሄዶ ተመልሷል።

እማማ ዘሃራ ካረፉ ቆዩ። ዛሬ እገሌ ተኝቷል፣ አልነሳ አለ ሲሉኝ ምክር አልሰጥም፤ ምክር ምን ያህል እንደሚጠቅም ከጸበሉ ጋር አይቼዋለሁ። ሄጄ አልጋው ጫፍ ላይ እቀመጥና «ምን ሆነሃል?» እለዋለሁ። «ምንም» ያለኝ እንደሆነ እደነግጣለሁ፤ ቶሎም ተነስቼ አልሄድም።